አባ ገመሬ የደበቀው መንጋጋ

ቀረብ ቀረብ በሉ። ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ያለው ጆሮውን ያውሰኝ፣ እንቅልፍ የመጣበት ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት እንደኛ በሚያወሩበት፣ ድንጋይም ሲጠሩት «አቤት» በሚልበት ዘመን፣ አንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ የዝንጀሮ መንጋ ይኖር ነበር። የመንጋው አለቃ አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ ነው፤ አባ ገመሬ ይሉታል። ጋማው ሸብቷል፣ ጉልበቱ ደክሟል፣ አራቱ ክራንቻዎቹ ግን ገና እንደ ጦር የሾሉ ነበሩ። ከገደሉ ማዶ፣ ከወንዙ ባሻገር ደግሞ አንድ ነብር ይኖር ነበር።

አባ ገመሬ በየማለዳው ከሁሉም ቀድሞ ይነሳና አፋፉ ላይ ካለው ቋጥኝ ይወጣል። ፊቱን ወደ ማዶ ያዞርና አፉን እስከ ጆሮው ድረስ ከፍቶ ያዛጋል። ክራንቻዎቹ በጠዋት ፀሐይ ብልጭ ይላሉ። ነብሩም ከማዶ ሆኖ ያያቸዋል።

«አሉ። ዛሬም አሉ» ይልና ጅራቱን አጥፎ ወደ ሌላ አገር አደን ይሄዳል።

ዝንጀሮዎቹ ልጆቻቸውን ሳሩ ላይ ለቀው ሥር ሲቆፍሩ ይውላሉ። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ስንት ክረምት፣ ስንት በጋ አለፈ።

ታዲያ አንድ ቀን አባ ገመሬ የደረቀ ሥር ሲያኝክ ከአፉ ውስጥ፣ በግራ በኩል፣ ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ ተናገረው። የገዛ መንጋጋ ጥርሱ ነበር።

«ጌታዬ፣ ምግብ ተሰንቅሮብኛል፤ አውጣልኝ» አለው።

«ነገ» አለ አባ ገመሬ።

ነገ መጣ፣ ከነገ ወዲያም መጣ፤ አላወጣለትም። አንድ ወር አለፈና መንጋጋው እንደገና ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ተቦርቡሬአለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ እስከ ሥሬ ድረስ ይሰማኛል። ለሚያውቅ አሳየኝ።»

«አርጅተናል እኮ» አለ አባ ገመሬ። «የሽማግሌ ጥርስ ያማል። ምን ይደረጋል?»

ሌላ ወር አለፈ። መንጋጋው ለሦስተኛ ጊዜ ሊናገር ፈልጎ «ጌታዬ» ካለ በኋላ መናገር አቃተው። መጠዝጠዝ ብቻ ሆነ። ጉንጩ አበጠ፣ ጆሮው ጮኸ፣ አንገቱ ደነደነ። አባ ገመሬም ሕመሙን ደበቀ። መንጋው ሲበላ እሱ «ቅድም በልቻለሁ» ይላል። ሕፃናቱ ጀርባው ላይ ሊወጡ ሲመጡ «ሂዱ ወዲያ» ይላል። የሚስቁት ነገር ሲገኝ ሁሉም ይስቃል፣ እሱ አፉን በእጁ ሸፍኖ ወደ ገደሉ ያያል። ሚስቱ፣ እሜቴ ዝንጀሪት፣ «ምን ሆነሃል?» ብትለው «ምንም» ብቻ ነው መልሱ። አለቃ ጥርሱን ታመመ ከተባለ ነገ ሌላ አለቃ ይፈለጋል ብሎ ፈራ።

ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል አንድ ማለዳ እንደ ልማዱ ቋጥኙ ላይ ወጣ። ሊያዛጋ ሞከረ። አፉ ሁለት ጣት ያህል እንደተከፈተ ሕመሙ እንደ እሳት ነደደበትና መልሶ ከደነው።

ነብሩ ከማዶ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ምንም አላየም።

«እንግዲህ ዛሬ ረስቶት ይሆናል» አለና ሄደ።

አባ ገመሬ ከቋጥኙ ወርዶ ብቻውን ወደ ጫካው ገባ። ከአንድ ያረጀ ዛፍ ሽንቁር ውስጥ ማር ተጣራ።

«አባ ገመሬ፣ ወዲህ ይምጡ። ፊትዎ ምን ሆነ?»

«ጥርሴን አሞኝ ነው። ለማንም እንዳትናገር።»

«እኔ ለማን እናገራለሁ? ደግሞ መድኃኒቱ እኔው ነኝ። ይቅመሱኝና ሕመሙን ይርሱት።»

አባ ገመሬ ሙሉ እጁን ዝቆ ቀመሰ። እውነትም ሕመሙን ረሳው። የረሳው ግን ጣፋጩ ከምላሱ ላይ እስኪጠፋ ነው። ከዚያ በኋላ ማሩ በቀዳዳው ገብቶ መንጋጋው ውስጥ ተቀመጠ፤ ሕመሙም እጥፍ ሆኖ ተመለሰ።

«ምነው አታለልከኝ?» አለ አባ ገመሬ።

«አላታለልኩም» አለ ማር። «ሕመሙን ይርሱት አልኩ፣ ረሱት። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልጠየቁኝም።»

ሁለተኛው ቀን ነጋ። አባ ገመሬ ቋጥኙ ላይ ወጣ፣ አፉን መክፈት አልቻለም፣ ወረደ። ነብሩም ያን ቀን ወደ ሌላ አገር አልሄደም፤ እስከ ወንዙ ድረስ ወርዶ ውሃ እየላሰ ወደ አፋፉ ቀና ቀና ሲል ዋለ።

ይህን ሁሉ ቁራ ከላይ ሆኖ ያያል። ቁራ ሌላው ካደነው የተረፈውን እየለቀመ የሚኖር ነው። ክንፉን አጥፎ ከአባ ገመሬ አጠገብ አረፈ።

«አባ ገመሬ፣ እንዴት አደሩ? ዛሬ አላዛጉም።»

«እንቅልፌን ጠግቤ ነው።»

«እኔን አይደብቁኝ። የጥርስ ነገር ነው አይደል? መድኃኒቱን አውቃለሁ። አፍዎን ሰባት ቀን አይክፈቱ። ነፋስ ነው የሚያባብሰው። ሰባት ቀን ከከደኑት በራሱ ይድናል።»

አባ ገመሬም ምክሩን ወደደው፤ አፍ ለመክደን እሱን ማን ይቀድመው ነበር? ቁራ ግን ከዚያ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ማዶ በረረ።

«አያ ነብሮ» አለ፣ «ሽማግሌው ሰባት ቀን አፉን አይከፍትም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ነገ ማለዳ ተሻገር፤ ሕፃናቱ ብዙ ናቸው። ከተረፈህ እኔን አትርሳኝ።»

ነብሩም ጭንቅላቱን ወደ አንድ በኩል አዘንብሎ አዳመጠው።

አባ ገመሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዝ ወርዶ አንድ ለስላሳ ድንጋይ ከውሃው አነሳና ጉንጩ ላይ አደረገ። ድንጋዩ ቅዝቅዝ ያለ ነበር። አባ ገመሬ ዓይኑን ጨፈነ።

«ደስ ይላል?» አለ ድንጋዩ።

«ደስ ይላል። እዚሁ ቆይ።»

«ቅዝቃዜዬ እስኪያልቅ እቆያለሁ። ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔ የምደርሰው ጉንጭዎ ድረስ ነው። የሚያምዎ ከውስጥ ነው። ከውስጥ ያለውን አፉን ከፍቶ ለሚያሳይ እንጂ ለሚሸፍን ማንም አያክምለትም።»

«አንተ ምን ታውቃለህ፣ ድንጋይ ነህ።»

«ድንጋይ ስለሆንኩ ነው የምናገረው። እኔን የሚያመኝ የለም። እርስዎን ግን ያምዎታል።»

አባ ገመሬ ድንጋዩን ጉንጩ ላይ እንደያዘ ቁጭ አለ። ድንጋዩም ሞቀ። ያን ጊዜ አባ ገመሬ አለቀሰ። እንደ ሕፃን አይደለም፤ ሽማግሌ እንደሚያለቅሰው፣ ድምፅ ሳያሰማ። ቀና ሲል እሜቴ ዝንጀሪት ከፊቱ ቆማለች። ከኋላው ተከትላው ሁሉንም ሰምታ ነበር።

«ካመመህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» አለችው።

«ሦስት ወር።»

«ሦስት ወር። ቅማልህን የምለቅም፣ ብርድ ሲሆን አጠገብህ የምተኛ፣ ለእኔ እንኳ አልነገርክም?»

«ላስጨንቅሽ አልፈለግሁም።»

«አሁን ታዲያ እየተደሰትኩ መሰለህ? ተነስ።»

እጁን ይዛ ወደ እትዬ ጃርት ጉድጓድ ወሰደችው። እትዬ ጃርት የዛፍ ልጥ ስትቀረጥፍ የምትውል፣ በዕድሜ ከአባ ገመሬ የማታንስ፣ ጥርሶቿ ግን አንድም ያልጎደሉ አሮጊት ነበረች። ስለ ጥርስ የምታውቀውን ያህል በዚያ አገር የሚያውቅ የለም።

«ይቀመጡ» አለች። «አፍዎን ይክፈቱ።»

«ቁራ አትክፈት ብሎኛል።»

«ቁራ ጥርስ አለው?»

አባ ገመሬ አሰበ። ቁራ ጥርስ የለውም። አፉን እያቃሰተ ከፈተ።

እትዬ ጃርት አንገቷን አስግጋ ተመለከተች፤ ከንፈሯንም መጠጠች።

«እንዲህ እስኪሆን ለምን ቆዩ?»

«እርጅና ነው ብዬ።»

«እርጅና ጋማ ያሸብታል፣ ዓይን ያደክማል። ጥርስ ግን ዝም ብሎ አይቦረቦርም። ይህን የበላው የተሰነቀረ ምግብ ነው፤ ማሩም አግዞታል። እኔ ከእርስዎ አላንስም። የእኔን ጥርስ ይዩ።»

አባ ገመሬ አየ፤ አፈረም።

እትዬ ጃርት ከጀርባዋ አንዲት ሹል እሾህ መዘዘችና በፍል ውሃ አጠበቻት። ከድዱ ያበጠውን ቦታ ጫን ስታደርገው መግሉ ፈሰሰ። አባ ገመሬ እሜቴ ዝንጀሪትን ጨምድዶ ያዛት። ከዚያ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ዛሬ አይነቀልም» አለች እትዬ ጃርት። «እብጠቱ ይጉደል። ከታች ጨው ጨው የሚል ለብ ያለ ምንጭ አለ፤ እስኪመሽ እየደጋገሙ ይጉመጥመጡበት። ነገ ጎህ ሲቀድ እኔው እመጣለሁ።»

እንዳለችውም ሆነ። አባ ገመሬ ተጉመጠመጠ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰደው። ጎህ ሲቀድ እትዬ ጃርት መጣች። መንጋጋውን በእሾኋ ዙሪያውን ፈታችው፣ ጠንካራ ቃጫ አሰረችበት፣ የቃጫውን ጫፍ ለእሜቴ ዝንጀሪት ሰጠቻት።

በዚህ ጊዜ መንጋጋው በቀስታ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ልሂድ እንግዲህ። የመጀመሪያውን ሾላ ስትበላ እኔ ነበርኩ ያኘክሁልህ።»

«አስታውሳለሁ» አለ አባ ገመሬ። «ሦስት ጊዜ ጠራኸኝ፤ አልሰማሁህም። ይቅር በለኝ።»

«እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ። ጎረቤቶቼን ግን አደራ።»

እሜቴ ዝንጀሪት ቃጫውን ሳበች። መንጋጋው ወጣ። አባ ገመሬ ምላሱን ወደ ባዶው ቦታ ላከ፤ ባዶ ነው፣ አያምም።

ይህን እያሉ ጠባቂው ዝንጀሮ ከአፋፉ «ነብር» አለ። ነብሩ ወንዙን ተሻግሮ ገደሉን እየወጣ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ሆዳቸው ሰበሰቡ። ቁራ ከበላይ እየዞረ «በርታ፣ አፉ ተዘግቷል» ይላል።

አባ ገመሬ ተነሳ። ደም ከከንፈሩ እየጠረገ ወደ ፊት ወጣ። ነብሩ አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረው አባ ገመሬ አፉን እስከ ጆሮው ድረስ ከፈተ። አራቱም ክራንቻዎች በየቦታቸው ነበሩ።

ነብሩ ቆመ። የሚያየው ግን ክራንቻዎቹን አልነበረም። አንገቱን አዘንብሎ ወደ ውስጥ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ ያይ ነበር።

«ማን ነቀለልህ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን አልክ?» አለ አባ ገመሬ።

«ያን ከኋላ የጎደለውን። ማን ነቀለልህ? ያማል?»

አባ ገመሬ አፉን ከደነና ነብሩን ትኩር ብሎ አየው። የነብሩ ቀኝ ጉንጭ አብጧል። የጎድን አጥንቶቹ ይቆጠራሉ። የአገጩም ጠጉር ነጥቷል፤ ለካ እሱም አርጅቷል።

«አንተንም ያምሃል» አለ አባ ገመሬ።

ነብሩ መሬት መሬት አየ።

«ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ሁለት ክረምት።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማን ልናገር? ነብር ነኝ።»

አባ ገመሬ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር፤ ድዱን እያመመውም ቢሆን ሳቀ። እሜቴ ዝንጀሪትም ሳቀች። ነብሩ ሊቆጣ አስቦ ተወው።

«ሚዳቋ ብይዝ አንገቷን ነክሼ ማቆየት አቃተኝ» አለ። «ስትፈራገጥ ጥርሴን ያመኛል፤ እለቃታለሁ። ለዚህ ነው ዓይኔን ወደ ልጆቻችሁ የጣልሁት። ሥጋቸው ለስላሳ ነው ብዬ።»

ቁራ ከላይ «ምን ወሬ ታበዛለህ፣ ብላ እንጂ» አለ።

«አንተ ዝም በል» አለ ነብሩ። «ጥርስ የሌለው አማካሪ ነህ።»

ያን ጊዜ እሜቴ ዝንጀሪት ወደ ፊት መጣች። እናት ናት፣ የምትናገረውን ታውቃለች።

«እትዬ ጃርት ታይልሃለች። ግን ጥርስህ ከዳነ ወደ ሚዳቋህ ተመለስ። ከዚህ አፋፍ አንድ ሕፃን ቢነካ ሁለተኛ የሚያክምህ አታገኝም። ተስማምተሃል?»

«ተስማምቻለሁ።»

«አፍህን ክፈት» አለች እትዬ ጃርት፤ እሾኋን ሁሉ ቀጥ አድርጋ አቆመችው። «እጄ አፍህ ውስጥ እያለ ብትከድነው ግን ይህ ሁሉ እሾህ ምላስህ ላይ ይቀራል። ያኔ የጥርሱ ሕመም ይናፍቅሃል።»

ነብሩ ከፈተ። እትዬ ጃርት አየች፣ አሸተተች፣ ፊቷን አዞረች፣ እንደገና አየች።

«ይህ አይነቀልም» አለች።

«እንዴት?» አለ ነብሩ፣ አፉን እንደከፈተ።

«ጥርሱ ደህና ነው። ከጥርሱና ከድዱ መሃል የአጥንት ስባሪ ገብቶ ነው። የታመመ ሁሉ አይነቀልም፤ የሚጸዳ አለ፣ የሚነቀል አለ። መጀመሪያ ማየት ነው።»

በእሾኋ ጫፍ ፈልቅቃ አወጣችው፤ የጥፍር ያህል አጥንት ነበር። ነብሩ ሁለት ክረምት ሙሉ ያስለቀሰውን ነገር መዳፉ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይህ ብቻ?» አለ።

«ይህ ብቻ» አለች እትዬ ጃርት። «ሂድና በጨዋማው ምንጭ ተጉመጥመጥ።»

ነብሩ ሄዶ ተጉመጠመጠ። ከሳምንት በኋላ ሚዳቋ ሲያባርር ከማዶ ታየ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ቁራ የሚለቅመው ጠፍቶበት አገር ለቆ ሄደ።

እትዬ ጃርት ግን ሥራዋ ገና መጀመሩ ነበር። ወሬው ሲሰማ የመንጋው አሮጊትና ሽማግሌ ሁሉ የደበቀውን ማውጣት ጀመረ። አንዷ «እኔም በቀኝ በኩል አላኝክም» አለች። አንዱ «የእኔ ሁለቱ ይነቃነቃሉ» አለ። አንዲት ጥርስ የሌላት አሮጊት ደግሞ «ጥርስስ የለኝም፣ ድዴ ግን ይደማል፤ ልምጣ?» ብላ ጠየቀች።

«ድድም ይታያል» አለች እትዬ ጃርት። «ይምጡ።»

ለሁሉም ከወይራ ቅርንጫፍ አንዳንድ መፋቂያ ቆረጠችላቸው። መፋቂያዋም ራሷ ትናገር ነበር፦ «ጫፌን አኝካችሁ አለስልሱኝ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ፋቁብኝ፣ ድዱን አታቁስሉ። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። ስደርቅ ጣሉኝና ሌላ ቁረጡ፤ አልቀየምም።»

እትዬ ጃርትም ጨምራ እንዲህ አለች፦ «አፋችሁ ሲደርቅ ውሃ ጠጡ። ማር ከበላችሁ ተጉመጥመጡ። ደግሞ ባያማችሁም በየክረምቱ መግቢያና መውጫ መጥታችሁ አሳዩኝ።»

አባ ገመሬ ድዱ እስኪሽር የበሰለ ሾላ በላ፣ ከዚያ በቀኙ ሥር ማኘክ ቻለ። ሕፃናቱም ጀርባው ላይ ተመልሰው ወጡ። አለቃነቱን ማንም አልነጠቀውም። እንዲያውም አንድ ወጣት ዝንጀሮ «አባባ፣ እኔም ከፊት አንዱን ያመኛል፤ እርስዎ ባይናገሩ አልናገርም ነበር» አለው።

ክረምቱ ወጣ፤ የምርመራው ቀን ደረሰ። ከእትዬ ጃርት ጉድጓድ ደጅ ሰልፉ እስከ ወንዙ ተዘረጋ፤ ሁሉም መፋቂያውን በእጁ ይዟል። ረፋዱ ላይ ነብሩ ከማዶ ተሻግሮ መጣ። ወደ ፊት ሊያልፍ ሲል ያቺ ጥርስ የሌላት አሮጊት ዝንጀሮ በመፋቂያዋ ደረቱን ነካ አደረገችው።

«ተራህን ጠብቅ፣ ልጄ» አለችው።

ነብሩም ወደ ኋላ ሄዶ፣ ከሰልፉ መጨረሻ፣ ጅራቱን እግሩ ላይ ጠቅልሎ ተራውን ጠበቀ።

እናንተም ዕድሜ ሲገፋ ጥርስ ቢያማችሁ «እርጅና ነው» ብላችሁ አፋችሁን አትክደኑ፤ ከፍታችሁ ለሚያውቅ አሳዩ። በቤታችሁም የሚበላውን የሚቀንስ፣ ሲስቅ አፉን የሚሸፍን ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ ቀረብ ብላችሁ ጠይቁ።

የእኔ ተረት እዚህ ላይ አበቃ፤ የሰማ ያሰማ፣ አፉን ተጉመጥምጦ በሰላም ይደር።